አንድ መሣሪያ ለብዙ ገጽ፦ የጋራ ፈንክሽኖችን በዌብ አፕሊኬሽን ውስጥ በጥንቃቄ መጋራት

ጥቂት ወራት ያስቆጠረ ዌብ አፕሊኬሽን ብትከፍቱ «ዩቲልስ» ወይም «ሄልፐርስ» የሚል ፎልደር ማግኘታችሁ አይቀርም። ቀን የሚቀይር፣ ስልክ ቁጥር የሚያስተካክል፣ ስም የሚያጣራ፣ ብር የሚያሳይ ትንንሽ ፈንክሽን ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ሥራ አሥር ቦታ ከሚጻፍ አንድ ቦታ ተጽፎ አሥር ቦታ ቢጠራ ይሻላል።

ነገር ግን መሣሪያ ስንጋራ ጥቅሙን ብቻ አንጋራም፤ ስህተቱንም እንጋራለን። አንድ ገጽ ላይ ያለ ስህተት የሚያበላሸው ያንን ገጽ ነው። የጋራ ፈንክሽን ላይ ያለ ስህተት ግን የሚጠሩትን ገጾች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ብዙ ጊዜም ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ። ስለዚህ የጋራ መሣሪያ ከተራ ኮድ የበለጠ ጥብቅ ሕግ ያስፈልገዋል። በዚህ ትምህርት ሦስት ሕጎችን እንመለከታለን፦ የተሰጠውን አይለውጥ፣ ምንም አያስታውስ፣ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን በግልጽ ይናገር። ከዚያ ወደ አቀማመጡ፣ ወደ አቀያየሩ እና ከውጭ ወደምናስገባቸው ፓኬጆች እናልፋለን።

ምሳሌያችን

አባላቱ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ እና በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ዕድር አለ እንበል። ድረ ገጹ የአባላት መመዝገቢያ ፎርም፣ የፍለጋ ገጽ፣ የወርኃዊ መዋጮ ገጽ እና የአስተዳዳሪ ገጽ አለው። የተሠራው በጃቫስክሪፕት ሲሆን ሰርቨሩ ላይ ኖድ ይሠራል። አራቱም ገጾች የሚጠቀሙባቸው አራት የጋራ ፈንክሽኖች አሉ፦ ስምን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ፣ ስም በኢትዮጵያ ፊደል መጻፉን የሚያረጋግጥ፣ ቀን የሚቀይር እና የተፈለገውን ቃል በቀለም የሚያደምቅ። የፈንክሽኖቹን ስም ለንባብ እንዲመች በአማርኛ እጽፋለሁ።

ሕግ 1፦ የተሰጠውን አይለውጥ

በአማርኛ ፍለጋ የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው የተመሳሳይ ድምፅ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዷ አባል «ፀሐይ ኃይሉ» ብላ ተመዝግባለች፤ ፈላጊው ግን «ጸሀይ ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለውና። መፍትሔው የታወቀ ነው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እያንዳንዱን ከነእርባታው መመለስ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መጨመር። ከዚያ ሁለቱም ስሞች አንድ ይሆናሉ።

አደጋው የሚመጣው ይህ ፈንክሽን ጽሑፍ ሳይሆን የአባሉን ኦብጀክት በሙሉ ተቀብሎ፣ የስም ቦታው ላይ የተስተካከለውን ጽፎ ሲመልስ ነው። በጃቫስክሪፕት ኦብጀክት ለፈንክሽን ሲሰጥ ቅጂው አይሰጥም፤ ራሱ ኦብጀክቱ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፈንክሽኑ የቀየረው ነገር ጠሪው ዘንድም ተቀይሯል።

ፍለጋ ገጹ ላይ ይህ ችግር አይታይም፤ ውጤቱ በትክክል ይመጣል። አስተዳዳሪው ግን ከፍለጋው ውጤት አባሏን ከፍቶ፣ ስልኳን ብቻ ቀይሮ «አስቀምጥ» ሲል መላው መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ይሄዳል። ፀሐይ «ጸሀይ» ሆና ትቀራለች። ማንም ስሟን አልነካም፤ ስሟ ግን ተቀይሯል። በሌላ ቀን ስሟ ከልደት ሰርተፊኬቷ ጋር ሲመሳከር አይገጥምም።

ይባስ ብሎ ይህ ለውጥ ተመላሽ የለውም። ከ«ሀ» ተነስተን የመጀመሪያው ሐ ይሁን ኀ ማወቅ አንችልም። ትርጉምም ይጠፋል፦ «ሠረቀ ብርሃን» የብርሃን መውጣት ነው፤ «ሰረቀ ብርሃን» ሲሆን ግን ሰውየውን ብርሃን የሰረቀ እናደርገዋለን።

መፍትሔው ፈንክሽኑ የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ነው። «ለፍለጋ_አዘጋጅ» ጽሑፍ ይቀበል፣ አዲስ ጽሑፍ ይመልስ። በጃቫስክሪፕት ጽሑፍ በራሱ የማይለወጥ ዓይነት ስለሆነ የጠሪውን ስም ማበላሸት ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ውጤቱም በዳታቤዙ ውስጥ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም በአንድ ዓምድ፣ የፍለጋው ቁልፍ በሌላ።

ይህ ሕግ ከስም አልፎም ይሠራል። የጃቫስክሪፕት «ሶርት» የተሰጠውን ዝርዝር ራሱን ነው የሚያስተካክለው፤ አዲስ ዝርዝር የሚመልሰው «ቱሶርትድ» የመጣው በ2023ቱ የቋንቋው ደረጃ ነው። የ«ዴት» ኦብጀክትም ቀኑን በ«ሴትዴት» ስትቀይሩት ራሱ ይቀየራል። አንድ የጋራ ፈንክሽን የመዋጮ መክፈያ ቀን ለማስላት በተሰጠው ቀን ላይ 30 ቢደምርበት የጠሪውንም ቀን በ30 ወደፊት ገፍቶታል። ለተራ ኦብጀክትና ለዝርዝር መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቴስት ስትጽፉ በ«ኦብጀክት ፍሪዝ» አቀዝቅዛችሁ ስጡት። ፈንክሽኑ የውጪውን ደረጃ ሊለውጥ ከሞከረ በሞጁል ውስጥ ወዲያው ስህተት ይጮኻል። ፍሪዝ ግን ውስጥ ያለውን ሌላ ኦብጀክት እንደማያቀዘቅዝ አትርሱ።

ሕግ 2፦ ምንም አያስታውስ

ሁለተኛው ፈንክሽናችን ስሙ በኢትዮጵያ ፊደል መጻፉን በሪጌክስ ያረጋግጣል። ሪጌክሱ አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ከፋይሉ አናት ተቀምጦ፣ ሁሉም ይጠራዋል። ጻፊው ከልማድ «ግሎባል» የሚባለውን የ«ጂ» ምልክት ጨምሮበታል።

የ«ጂ» ምልክት ያለው ሪጌክስ በ«ቴስት» ሲጠራ የት ድረስ እንዳነበበ ያስታውሳል፤ ቀጣዩን ጥሪ ከዚያ ቦታ ይጀምራል። «ዓለሙ» የሚለውን ስም መጀመሪያ ስትፈትሹት «ልክ ነው» ይላል። ያንኑ ስም ሁለተኛ ጊዜ ስትፈትሹት ከሦስተኛው ፊደል በኋላ ስለሚጀምር ምንም አያገኝም፤ «ስህተት ነው» ይላል፤ ወደ ዜሮም ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ «ልክ ነው»። አባሉ ስሙን ሳይቀይር ፎርሙ አንዴ ይቀበለዋል፣ አንዴ ይመልሰዋል። ሰርቨር ላይ ሲሆን ይከፋል፤ አንደኛው አባል ያስፈተሸው ስም ቀጣዩን አባል ያስከለክላል። ለእውነት ወይም ሐሰት ፍተሻ የ«ጂ» ምልክት አያስፈልግም፤ አውጡት።

ይህ ትንሽ ምሳሌ ነው። ትልቁ የሚሆነው ፈንክሽኑ ሰው ሲያስታውስ ነው። ቀን የሚያሳየው ፈንክሽን የተጠቃሚውን ቋንቋና የሰዓት ክልል ማወቅ ስላለበት፣ አንዱ ፕሮግራመር «የአሁኑ_ተጠቃሚ» የሚል ቫሪያብል ሞጁሉ አናት ላይ አስቀመጠ እንበል። ብራውዘር ውስጥ ይህ ችግር አያመጣም፤ እያንዳንዱ የተከፈተ ገጽ የራሱ ቅጂ አለው። አፕሊኬሽኑ ገጾችን ሰርቨር ላይ ማዘጋጀት ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ኖድ አንድን ሞጁል የሚጭነው አንድ ጊዜ ነው፤ ያ አንድ ቅጂ የሚመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ ያስተናግዳል።

እንከታተለው። በዱባይ ያለ አባል ገጹን ይከፍታል፤ ቫሪያብሉ ውስጥ የእርሱ መረጃ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ከዳታቤዝ መልስ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት በስቶክሆልም ያለች አባል ትገባለች፤ ቫሪያብሉ የእርሷ ይሆናል። የዱባዩ አባል መልስ ሲመጣ ገጹ የሚዘጋጀው በስቶክሆልሟ አባል ስም ነው። የስልክ ቁጥርና የመዋጮ ውዝፍ ለማይመለከተው ሰው ይታያል። ፕሮግራመሩ ብቻውን ሲሞክረው ይህ ስህተት ፈጽሞ አይታየውም፤ ለመከሰት ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ መግባት አለባቸው።

መፍትሔው፦ ፈንክሽኑ የሚያስፈልገው ሁሉ በጥሪው ይሰጠው። «ቀን_አሳይ» ቀኑን፣ ቋንቋውን እና የሰዓት ክልሉን በሦስት ግብዓት ይቀበል። መረጃው ብዙ ፈንክሽኖችን አቋርጦ ማለፍ ካለበት ኖድ «ኤሲንክ ሎካል ስቶሬጅ» የሚባል ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ ማከማቻ አለው። ለፍጥነት ሲባል ካሽ ማድረግ ግዴታ ከሆነም ለሁሉም ሰው አንድ የሆነውን ነገር ብቻ አስቀምጡ፤ የወራት ስም ይቻላል፣ የአባል መዝገብ አይቻልም።

ሕግ 3፦ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን በግልጽ ይናገር

ሦስተኛው ፈንክሽን «ቀን_ቀይር» ይባላል። ስሙ ብቻ ጥያቄ ይጭራል። ከየትኛው አቆጣጠር ወደ የትኛው? ወር ከ0 ይጀምራል ወይስ ከ1? በጃቫስክሪፕት «ዴት» ውስጥ ጃንዋሪ 0 ነው፤ ሴፕቴምበር 8 ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ 13 ወር አለው። ጻፊው የሚያውቀውን ጠሪው ካላወቀ ፈንክሽኑ ትክክል ሆኖም ውጤቱ ስህተት ይሆናል።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «ቀን» ስንል ምን ማለታችን ነው? አባሉ መዋጮውን የከፈለበት ሰከንድ ቅጽበት ነው፤ በዓለም ሁሉ አንድ ቅጽበት ነው። የልጅ የልደት ቀን ግን ቅጽበት አይደለም፤ በካላንደር ላይ ያለ አንድ ሳጥን ነው። የጃቫስክሪፕት «ዴት» የሚያውቀው ቅጽበትን ብቻ ነው። ልደትን በእርሱ ስናስቀምጥ ያልነበረ ሰዓት እንጨምርበታለን።

አንድ ሕፃን በ2023-09-12 ተወለደ እንበል፤ ይህም በእኛ መስከረም 1 ቀን 2016 ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ስለዚህ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ጃቫስክሪፕት «2023-09-12» የሚል ሰዓት የሌለው ጽሑፍ ሲሰጠው በዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ ያነበዋል። ያ ቅጽበት በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በዱባይ 10 ሰዓት፣ በስቶክሆልም 8 ሰዓት ነው፤ በሦስቱም ቀኑ 12 ነው። በዋሽንግተን ግን ገና ሴፕቴምበር 11፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ፈንክሽኑ የብራውዘሩን የአካባቢ ቀን ወስዶ ሲቀይር ዋሽንግተን ያለው ወላጅ የሚያየው «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» ነው። ቀኑ፣ ወሩም፣ ዓመቱም ተቀየረ። ወላጁ ሌላ ነገር አስተካክሎ ሲያስቀምጥ የታየው ቀን ከተመዘገበ ደግሞ በየማስተካከያው ልደቱ አንድ ቀን ወደኋላ ይሄዳል።

ከግሪኒች በስተምሥራቅ ተቀምጦ የሚጽፍ ፕሮግራመር ይህን በዓይኑ አያየውም። የእርሱ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ልክ ነው። ቅሬታው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው፤ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስም ለማንም አይረዳም።

መፍትሔው አራት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ የልደት ቀን ዓመት፣ ወር እና ቀን የያዙ ሦስት ቁጥሮች ይሁን፤ ሰዓት የሚባል ነገር አይንካው። ቅየራውም ቀኖችን በሙሉ ቁጥር በመቁጠር ይሠራ።

ሁለተኛ፣ ስሙ ሥራውን ይናገር፦ «ከጎርጎርዮሳዊ_ወደ_ኢትዮጵያ»። ወር ከ1 እንደሚጀምር በሰነዱም በታይፕስክሪፕት ዓይነቱም ይጻፍ። ሁለቱን አቆጣጠሮች የተለያየ ዓይነት ካደረጋችኋቸው የኢትዮጵያን ቀን ለጎርጎርዮሳዊ ቦታ የሚሰጥ ኮድ ገና ሲጻፍ ቀይ መስመር ይሰመርበታል።

ሦስተኛ፣ የማይሆን ግብዓት ይመለስ። ጳጉሜን 6 የሚኖራት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። አንድ ሰው ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ብሎ ከጻፈ ፈንክሽኑ ዝም ብሎ መስከረም 1 ማድረግ የለበትም። የጃቫስክሪፕት «ዴት» ፌብሩዋሪ 30 ሲሰጠው ወደ ማርች የሚያሻግረው ልማድ ለእኛ መሣሪያ አይበጅም። ግምት ከመመለስ ስህተት መመለስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ለማሳየት ብቻ ከሆነ ብራውዘሮች ያላቸውን «ኢንትል» ተጠቀሙ፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። የሰዓት ክልሉን ግን በግልጽ ስጡት። ተጠቃሚ የጻፈውን የኢትዮጵያ ቀን መልሶ ስለማያነብ የመቀበያው ሥራ የእናንተው ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እና በፈረንጅ 8 ሰዓት አንድ ናቸው። «ሰዓት_አሳይ» የሚል ፈንክሽን የትኛውን እንደሚመልስ ስሙ ላይ ካልተናገረ አባላት ለስብሰባ 6 ሰዓት ተለያይተው ይመጣሉ።

ኤችቲኤምኤል የሚመልስ መሣሪያ

አራተኛው ፈንክሽን የተፈለገውን ቃል ያደምቃል። ብዙዎች ስሙን ወስደው፣ በመሐሉ የማድመቂያ ታግ ሰክተው፣ የኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ይመልሳሉ፤ ገጹም እንዳለ ይለጥፈዋል። አንድ ሰው በስም ቦታ ላይ ስክሪፕት የሚያስነሳ ታግ ቢጽፍ፣ አስተዳዳሪው ሲፈልገው ያ ኮድ በአስተዳዳሪው ብራውዘር፣ በአስተዳዳሪው ሥልጣን ይሠራል።

የተሻለው መንገድ ፈንክሽኑ ቁርጥራጮችን እንዲመልስ ነው፦ ይህ ቁራጭ የተገኘው፣ ይህ ያልተገኘው። ቀለሙን ገጹ ይቀባ። ሪአክትም ሆነ ቪዩ ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ ስታሳዩ ታጎቹን ራሳቸው ያመክኗቸዋል። እዚህ ላይ ሕግ 1 ይጠቅመናል፤ «ለፍለጋ_አዘጋጅ» አንድን ፊደል በአንድ ፊደል ብቻ ከተካ በፍለጋ ቁልፉ ላይ የተገኘው ቦታ በዋናው ስም ላይም ያው ቦታ ነው። ስለዚህ «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ፀሐይ» ደምቃ ያያታል።

የት ይቀመጥ? እንዴት ይቀየር?

ሁሉን የሚውጥ አንድ የ«ዩቲልስ» ፋይል አታድርጉ። ቀን በቀን፣ ፊደል በፊደል፣ ገንዘብ በገንዘብ ይለይ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ በር ይኑረው፤ ሌሎች ገጾች በዚያ በር በተላከው ብቻ ይጠቀሙ፣ የውስጥ ፈንክሽኖችን አይንኩ።

ሁለት ቦታ የተመሳሰለ ኮድ ሁሉ የጋራ መሆን የለበትም። መጠየቅ ያለባችሁ «ይመሳሰላሉ ወይ?» ሳይሆን «አንዱ ሲቀየር ሌላውም በዚያው ምክንያት ይቀየራል ወይ?» የሚለውን ነው። የመዋጮ ደረሰኝ ቁጥር እና የአባል መታወቂያ ቁጥር ዛሬ በአንድ መልክ ቢጻፉም ነገ በተለያየ ምክንያት ይለያያሉ። እነርሱን አንድ ማድረግ የሚያመጣው ጣጣ ከድግግሞሹ ይበልጣል።

የጋራ ፈንክሽን ትርጉሙን በቦታው አትቀይሩ። «ለፍለጋ_አዘጋጅ» ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ቦታም ያጥፋ ብትሉ የማድመቂያው ቦታ ቆጠራ ይበላሻል፤ በዳታቤዙ የተቀመጡት የድሮ ቁልፎችም አይገጥሙም። አዲስ ሥራ ካስፈለገ በአዲስ ስም ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ጠሪዎችን አንድ በአንድ አሻግሩ፤ አሮጌውን ጠሪ ሲያጣ አጥፉ።

ቴስቶቹን ደግሞ የ«ቲዚ» ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልን እየቀያየራችሁ በሦስት የሰዓት ክልል አስኪዱ፦ ሎስ አንጀለስ፣ አዲስ አበባ፣ ቶኪዮ። የዋሽንግተኑ ወላጅ ከማየቱ በፊት እናንተ ታዩታላችሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከውጭ የምናስገባቸው

ፓኬጅ ስንጭን ከማናውቀው ሰው ጋር መሣሪያ እየተጋራን ነው። በማርች 2016 አንድ ፕሮግራመር በፓኬጅ ስም ጉዳይ ከተፈጠረ ውዝግብ በኋላ ሥራዎቹን ከኤንፒኤም አነሳ። ከመካከላቸው «ሌፍት ፓድ» የተባለው በጽሑፍ ግራ በኩል ክፍት ቦታ የሚሞላ 11 መስመር ኮድ ነበር። ባቤልን የመሳሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች በተዘዋዋሪ ይጠቀሙበት ስለነበር የብዙዎች ግንባታ በአንድ ጊዜ ቆመ። በ2018 ደግሞ «ኢቨንት ስትሪም» የተባለ ታዋቂ ፓኬጅ ወደ አዲስ ተንከባካቢ ሲተላለፍ «ኮፔይ» በተባለ የቢትኮይን ዋሌት ላይ ያነጣጠረ ተንኮል አዘል ኮድ ገባበት።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት አጭር ነው። የሎክ ፋይሉን ከኮዱ ጋር አስቀምጡ፤ ሰርቨር ላይ በ«ኤንፒኤም ሲአይ» ጫኑ፣ በሎክ ፋይሉ የተጻፈውን ቨርዥን ብቻ ያስገባል። አሥር መስመር ለሚሆን ሥራ ፓኬጅ አትጫኑ። የተጫነውንም በራሳችሁ ፈንክሽን ሸፍኑት፤ ነገ መተካት ቢያስፈልግ የሚቀየረው አንድ ፋይል ይሆናል።

መልመጃ

ዛሬ የራሳችሁን «ዩቲልስ» ፎልደር ክፈቱና ብዙ ገጽ የሚጠራቸውን ሦስት ፈንክሽኖች ምረጡ። ለእያንዳንዳቸው እነዚህን ጠይቁ፦

1. የተሰጠውን ኦብጀክት፣ ዝርዝር ወይም ቀን ይለውጣል?
2. ከፈንክሽኑ ውጭ የተቀመጠ ቫሪያብል ይነካል? ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጠሩትስ?
3. ስሙንና ግብዓቱን ብቻ ያየ አዲስ ሰው ምን እንደሚመልስ በትክክል ይገምታል?
4. የማይሆን ግብዓት ሲሰጠው ስህተት ይመልሳል ወይስ ይገምታል?
5. ሎስ አንጀለስ እና አዲስ አበባ ላይ አንድ መልስ ይሰጣል?

አንዱ ላይ እንኳ የሚያጠራጥር መልስ ካገኛችሁ ማስተካከሉን ከዚያ ጀምሩ። መጀመሪያ ችግሩን የሚያሳይ ቴስት ጻፉ፤ ሲወድቅ በዓይናችሁ እዩት፤ ከዚያ ፈንክሽኑን አርሙ።